ቶሎ የወጣ ጠላቂ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጊዜ የሌለው ሰው ለማታ ያቆየው።

ሐሳቤን መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው፤ ልትሞግቱኝ የምትፈልጉ ከዚህ ጀምሩ። ራዲዮሄድ የሚባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ያደገው "ዘ ቤንድስ" በተባለው ሁለተኛ አልበሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1995 የወጣው። ባንዱን በ"ክሪፕ" ብቻ የምታውቁት "እንዴ! ዋናው ዘፈናቸው እኮ እዚያ ውስጥ የለም" ትላላችሁ። ሙዚቃ አዋቂ ነን የምትሉት ደግሞ (ራሳችሁን ታውቃላችሁ) "ዋናው 'ኦኬ ኮምፒዩተር' ነው፣ 'ዘ ቤንድስ' ገና ተራ የጊታር አልበም ነው" ትሉኛላችሁ። ከሁለታችሁም ጋር አልስማማም። የ1997ቱ "ኦኬ ኮምፒዩተር" ድንቅ ሥራ ነው፣ አልከራከርም። ግን ያን ቤት የሠሩት ሰዎች ግንበኝነቱን የተማሩት ከዚያ በፊት ነው። መምህር ነኝና እኔን የሚስበኝ የተማሩበት ጊዜ ነው።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። አምስቱም የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ኦክስፎርድ አጠገብ አቢንግደን የሚባል ከተማ አለ፤ እዚያ ባለው የወንዶች ትምህርት ቤት ነው የተገናኙት። ቶም ዮርክ፣ ኤድ ኦብራየን፣ ፊል ሰልዌይ፣ ኮሊን ግሪንዉድ እና የኮሊን ታናሽ ወንድም ጆኒ። በ1985 ጀመሩ። የሚለማመዱት አርብ አርብ በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ስለነበር የባንዱን ስም "ኦን ኤ ፍራይዴይ" አሉት፤ በቃ "አርብ ዕለት" እንደማለት። ትምህርት ቤቱ ጥብቅ ነበር። አንዴ እሑድ ቀን ክፍሉን ተጠቀማችሁ ተብለው ርዕሰ መምህሩ ሒሳብ አስከፍሏቸዋል። (የሚኒ ሚዲያ ልጆች፣ እናንተ በእረፍት ሰዓት ማይክ ተከለከልን ብላችሁ ስታኮርፉ ይህን አስታውሱ።) የሙዚቃ መምህራቸው ግን ከጃዝ፣ ከፊልም ሙዚቃና ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ክላሲካል ጋር አስተዋወቃቸው፤ ይህን ራሳቸው ናቸው የመሰከሩለት። ዩኒቨርሲቲ ሲበታተኑም በየእረፍቱ እየተገናኙ ቀጠሉ። በ1991 መጨረሻ ኢኤምአይ ከተባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ፣ ስማቸውም ራዲዮሄድ ሆነ። ቁጠሩት እንግዲህ፤ ስድስት ዓመት ነው በዝምታ የተለማመዱት።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ሩጫ የሆነው።

የመጀመሪያው አልበም "ፓብሎ ሃኒ" በሦስት ሳምንት አካባቢ ተቀድቶ አለቀ። "ክሪፕ" ቀደም ብሎ በሴፕቴምበር 1992 በነጠላ ዜማ ወጥቶ ነበር። አገሩ ላይ ወዲያው አልሄደም፤ ቢቢሲ ሬዲዮ 1 "በጣም ያስጨንቃል" ብሎ እምብዛም አላጫወተውም። መጀመሪያ የተወደደው እስራኤል ውስጥ ነው። እዚያ አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ደጋግሞ ስላጫወተው ዘፈኑ አገሩን ሞላው፣ ልጆቹም ቴል አቪቭ ድረስ ተጠርተው ተጫወቱ። ቀጥሎ የካሊፎርኒያ ሬዲዮኖች ያዙት፤ ከዚያ መላው አሜሪካ። በ1993 እንግሊዝ ውስጥ እንደገና ሲወጣ 7ኛ ደረጃ ገባ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከኦክስፎርድ ትንንሽ ቡና ቤቶች ዓለም ዙሪያ ደረሱ።

ዘፈኑን አልጠላውም። በተለይ ከአዝማቹ በፊት ጊታሩ ሁለቴ "ክርርክ" የሚለውን ታውቁታላችሁ አይደል? ያን ያደረገው ጆኒ ነው፤ ዘፈኑ ዝግ ብሎበት፣ ሊያበላሸው ብሎ ነው የመታው። ማበላሻው የዘፈኑ ዋና ምልክት ሆኖ ቀረ። ይህ ታሪክ ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል።

አልበሙ እንደ አልበም ግን ደካማ ነው። ሦስት ጊታር አላቸው፣ ሦስቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው ይጫወታሉ። ሰብሳቢ የሌለው ስብሰባ ማለት ነው፤ ሁሉም ጥሩ ሐሳብ አለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ዮርክም ገና ድምፁን አላገኘም፤ መጮህ ሲኖርበት ይጮኻል፣ መጮህ በሌለበትም ይጮኻል። ከዚህ ሁሉ ጋር ያን አንድ ዘፈን ይዘው ከሁለት ዓመት ያላነሰ ዞሩ። "ክሪፕ"ን ሰምቶ ሌላውን ሳይጠብቅ ከአዳራሹ የሚወጣ ታዳሚ ሁሉ ነበር።

አሁን ወደ ፊዚክስ ልውሰዳችሁ። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው።

"ዘ ቤንድስ" ማለት የውሃ ጠላቂዎች በሽታ ነው። ያስተማርኳችሁ ልጆች ግፊት የሚለውን ምዕራፍ ታስታውሱታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይጨመርብናል። ጠላቂው ጥልቀት ላይ ሆኖ የሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በግፊቱ ምክንያት ደሙ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ እያለ ከወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባው በኩል በሰላም ይወጣል። በአንዴ ተስፈንጥሮ ከወጣ ግን የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሆነውን አስቡ። አረፋ! መገጣጠሚያው ውስጥ፣ ደሙ ውስጥ። ሰውየው በሕመም ይቆለመማል፤ የበሽታው ስም የመጣውም ከዚያ መቆልመም ነው። ስለዚህ ጠላቂዎች ሲወጡ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ከላይ ብርሃኑ እየታያቸው፣ ጀልባው እየታያቸው፣ የሆነ ጥልቀት ላይ ደቂቃ እየቆጠሩ ይጠብቃሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የማይሠሩ ነው የሚመስሉት።

አልበማቸውን በዚህ በሽታ የሰየሙ ልጆች ምን እንደደረሰባቸው በደንብ ያውቁ ነበር። ቶሎ ወጥተዋል።

ሌላም የፊዚክስ ዕቃ አለ አልበሙ ውስጥ። "ማይ አይረን ላንግ" የሚለው ዘፈን ስሙን ያገኘው ከብረት ሳንባ ነው። ድሮ ፖሊዮ የመተንፈሻ ጡንቻው ላይ የወጣበት ሰው እስከ አንገቱ ድረስ በብረት በርሜል ውስጥ ይተኛ ነበር፤ ራሱ ብቻ ነው ውጭ የሚቀረው። ማሽኑ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ግፊት ሲቀንስ ደረቱ ይነፋል፣ አየር ይገባል፤ ሲመልሰው ይወጣል። በሕይወት ያቆየዋል፤ ከውስጡ መውጣት ግን አይችልም። ዘፈኑ ስለ "ክሪፕ" ነው። የሚያበላቸው ዘፈን፣ የሚያስተነፍሳቸው ዘፈን፣ የማያላውሳቸው ዘፈን። እንዲህ ያለ ምሳሌ ተማሪ ፈተና ወረቀት ላይ ቢጽፍልኝ ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።

በነገራችን ላይ ለአልበሙ ሽፋን ሆስፒታል ሄደው እውነተኛ የብረት ሳንባ ሊቀርጹ ነበር ያሰቡት። ሲያዩት ደስ አላላቸውም። እዚያው የመጀመሪያ እርዳታ ማስተማሪያ አሻንጉሊት አግኝተው ፊቱን በቪዲዮ ቀረጹት። ሽፋኑ ላይ የምታዩት ያ ግማሽ በደስታ ግማሽ በስቃይ ያለ የሚመስል ፊት የአሻንጉሊት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እንዴት አደጉ?

በ1994 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ራክ የሚባል ስቱዲዮ ገቡ። ፕሮዲዩሰሩ ጆን ሌኪ ነው፤ የስቶን ሮዝስን የመጀመሪያ አልበም የሠራው። ኩባንያው አዲስ ነጠላ ዜማ ቶሎ ይፈልጋል፣ ሌላ "ክሪፕ" ማለት ነው። በዚህ ጭንቀት ሳምንታት ባከኑ። የትኛው ዘፈን ነው ሂት የሚሆነው እያሉ አንዱን ይጀምራሉ፣ ይተዉታል፣ ሌላውን ይጀምራሉ። ሌኪ ያደረገውን እወድለታለሁ፤ ሌሎቹን ለጥቂት ጊዜ አሰናብቶ ዮርክ አዳዲስ ዘፈኖቹን ብቻውን እንዲጫወት አደረገው። ክፍሉ ሲጮህ መምህር ራሱ መጮኽ የለበትም፤ በቡድን የሚሠራውን ሥራ ለጊዜው አቁሞ እያንዳንዱ ምን እንደያዘ ማየት ነው።

ቀጥሎ ቀረጻው ተቋርጦ ወደ ኮንሰርት ጉዞ ወጡ፤ አውሮፓ፣ ጃፓን፣ አውስትራሊያ። ያላለቁትን ዘፈኖች በየመድረኩ እየተጫወቱ ፈተኗቸው። "ማይ አይረን ላንግ"ን አልበሙ ላይ ስትሰሙት የምትሰሙት መሣሪያ በግንቦት ወር ለንደን አስቶሪያ አዳራሽ ውስጥ በቀጥታ የተቀዳ ነው፤ ድምፁ ብቻ በኋላ እንደገና ተዘፈነ። ከጉዞው ሲመለሱ ወራት ያስለፋቸውን ሥራ በሁለት ሳምንት አካባቢ አገባደዱት። ጠላቂው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር የምለው ይህን ነው። ኩባንያው የጊዜ ብክነት ያለው ሥራውን የሠራው እሱ ነው።

ውጤቱን በጆሮ እንየው።

"ፌክ ፕላስቲክ ትሪስ"ን ክፈቱ። በአንድ አኩስቲክ ጊታርና በአንድ ድምፅ ይጀምራል። የቀሩት አራት ሰዎች የት ናቸው? እየጠበቁ ናቸው! ኦርጋኑ እንደ ጭስ ቀስ ብሎ ይገባል። ቫዮሊንና ቼሎ ይመጣሉ፣ ግን አታስተውሏቸውም። ዘፈኑ ሲጋመስ ድራሙና ኤሌክትሪክ ጊታሩ ሲመጡ እናንተ ቀድማችሁ ፈልጋችኋቸዋል። ከዚያ እንደገና ሁሉም ይተዉትና ዮርክ ብቻውን፣ ባነሰ ድምፅ ይጨርሰዋል። ከዚህ ዘፈን በፊት የዚያን ጊዜ ገና ስሙ ብዙ ያልወጣውን ጄፍ በክሊን ኮንሰርት አይተው እንደተመለሱ ይነገራል፤ ዮርክ ወደ ስቱዲዮ መጥቶ አኩስቲኩን ይዞ ዘፈነው፣ ሲጨርስ አለቀሰ። ሌሎቹ የራሳቸውን የጨመሩት በዚያ ቅጂ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሁሉም በአንዴ ያወሩ የነበሩ ልጆች አንድ ሰው ሲያለቅስ ዝም ማለት ችለዋል። እድገት የምለውን አገኛችሁት?

ድምፁንም ስሙት። ዮርክ ከላይ ያለውን ቀጭን ድምፁን ሳያፍር መጠቀም የጀመረው እዚህ ነው። ጩኸት ሳይቀጥል ወደ ላይ መውጣት።

ጊታሩ አለቀ ማለት እንዳይመስላችሁ። "ጀስት" ላይ ጆኒ ልጅነቱ ተነስቶበታል፤ አንድ ዘፈን ውስጥ ስንት ኮርድ ማስገባት ይቻላል ብለው የተፎካከሩበት ነው። መሰላል እየወጣ የሚሄድ ጊታር፣ መጨረሻ ላይ እንደ ሲረን የሚጮኽ። ግን ሦስቱ ጊታሮች አሁን ሦስት የተለያየ ሥራ አላቸው፤ ለይታችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። (ቪዲዮውን ያላያችሁ እዩት። አንድ ሰውዬ የእግረኛ መንገድ ላይ ይተኛል፣ ሰው ተሰብስቦ ለምን እንደተኛ ይጠይቀዋል፣ መጨረሻ ላይ ይነግራቸዋል፤ የጽሑፍ ትርጉሙ ግን እዚያ ላይ ይቋረጣል። ሲሰሙት ሁሉም አብረውት ይተኛሉ። "ቲቸር፣ ምን አላቸው?" ብላችሁ ኢንቦክስ የምትልኩልኝ ልጆች፣ ባንዱም አልተናገረም፣ እኔም አላውቅም፣ ይቅርብን።)

"ፕላኔት ቴሌክስ" ሌላ በር ይከፍታል፤ ድራሙ ከሌላ ዘፈናቸው ተቆርጦ የሚደጋገም ነው። ወደፊት ወዴት እንደሚሄዱ እዚህ ማሽተት ይቻላል። ድምፁን ዮርክ ከእራት መልስ ሞቅ ብሎት መሬት ላይ ተጋድሞ ነው የቀዳው ይባላል። ይህኛውን የማስተማሪያ ዘዴ አልመክርም።

እና "ስትሪት ስፒሪት"። ለዚህ ዘፈን ብዙ ማለት አልችልም። አንድ ጊታር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት አነካክ ይዞ ይሄዳል፣ አንድ አንድ ክር እየለየ፤ ለእኔ ጆሮ አንድ ሰው ጥግ ይዞ ክራር በጣቱ ሲነካ የሚመስልበት ቦታ አለው። ዜማው ከላዩ ይንሳፈፋል። የትም ቦታ አይፈነዳም። በ"ፓብሎ ሃኒ" ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ያፈነዱት ነበር። በ1996 መጀመሪያ በነጠላ ዜማ ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ 5ኛ ደረሰ፤ ከ"ክሪፕ" በላይ።

ጉድለት የለውም አልልም። "ሰልክ" ለእኔ እዚያ ባይገባም ኖሮ ማንም አይጠይቅም ነበር። "ሃይ ኤንድ ድራይ" ከ1993 የተረፈ የሙከራ ቅጂ ነው፤ ዮርክ ራሱ አይወደውም። እኔ እወደዋለሁ፣ አልደብቅም፤ ግን ከጎኑ ካሉት ጋር ሲነጻጸር የአንድ ዓመት ልዩነቱ ይታወቃል።

ገበያው ምን አለ? እንግሊዝ ውስጥ አልበሙ 4ኛ ሆነ። "ክሪፕ" እንደ እሳት በተያያዘባት አሜሪካ ግን 88ኛ ላይ ቆመ። በቁጥር ብቻ ለሚያየው ሰው ይህ ውድቀት ነው፤ "አንድ ዘፈን ነበራቸው፣ አለቀ" የሚባልበት። ግን አልበሙ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ቀጣዩን አልበማቸውን ራሳቸው እንዲሠሩ ኩባንያው የፈቀደላቸውም ከዚህ በኋላ ነው። "ዘ ቤንድስ" ላይ የድምፅ መሐንዲስ የነበረው ወጣት፣ ናይጀል ጎድሪች፣ ሌኪ በሌለበት ቀን "ብላክ ስታር"ን ከእነሱ ጋር ቀዳ። "ኦኬ ኮምፒዩተር"ን አብሯቸው የሠራው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት አብሯቸው ቆየ። በአንድ አልበም ውስጥ ባንዱ ብቻ አልነበረም የተማረው።

ይህን ሁሉ ለምን አሁን አመጣሁት? ስሙን አልጠራም፤ ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ ጊታር ይጫወታል። ባለፈው ዓመት አንድ ዘፈን ቤቱ ውስጥ ሠርቶ ዩቲዩብ ላይ ጫነ፣ ቲክቶክ ላይ ተቆራርጦ ዞረለት። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። በቴሌግራም ስጠይቀው "ቲቸር፣ ሁለተኛውን ፈራሁት። እንደዚያኛው ያለ አምጣ ይሉኛል፤ እንደዚያኛው ያለ ሳመጣ ደግሞ ያንኑ ደገመው ይሉኛል" አለኝ።

ልጁ እውነቱን ነው፣ እንዲህ ነን። ዘፋኝ ከመጀመሪያው አልበም በኋላ ሦስት አራት ዓመት ሲቆይ "ጠፋ፣ አለቀለት" እንላለን። ይዞ ሲመጣ ደግሞ አንዴ እንኳ እስከ መጨረሻ ሳንሰማ "የመጀመሪያው ይሻላል" ብለን እንዘጋዋለን። አስተያየት መስጫው ላይ "እንደ ድሮው ዝፈንልን" የሚለውን የምንጽፈው በፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። የብረት ሳንባም በፍቅር ነው የተሠራው። ይህ በዘፋኝ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ በ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ እስከ ሠላሳ ዓመቱ የሚጠራ ሰው አውቃለሁ፣ በሁለቱም በኩል፤ ጎበዙም እዚያው ቀርቷል፣ ሰነፉም።

ለልጁ በቴሌግራም የመለስኩለት አጭር ነበር፤ ረዥሙ ይህ ነው። አንተ፣ የምታነበው ከሆነ፦ የመጀመሪያውን የሚመስል አትፈልግ። ያን የሚንቅ ደግሞ አትሥራ፣ እሱም ሌላ ዓይነት እስር ነው። "ክሪፕ"ን ለብዙ ዓመት በየመድረኩ ትተውት ነበር፤ በኋላ ሲፈልጉ አንዳንዴ ይጫወቱታል። ያላለቀ ዘፈን ካለህ ለአሥር ሰው ፊት ለፊት ተጫወተው፣ ስልክ ሳይቀዳህ። ከአንተ ጋር ቤዝ የሚጫወተውን ልጅ ስማው፤ ያ ልጅ ከአንተ የተሻለ ጆሮ አለው፣ ይህን ሁለታችሁም ክፍሌ ውስጥ እያላችሁ ነው ያወቅሁት። ለቀሩት ተመልካቾችህ ስድስት ወር ቆዩ ብትላቸው ማንም አይሞትም።

አልበሙን ለምትሰሙ፦ በጆሮ ማዳመጫ፣ ማታ፣ በቅደም ተከተሉ ስሙት። ከ"ፓብሎ ሃኒ" ሁለት ሦስት ዘፈን ቀድማችሁ ብትሰሙ ልዩነቱ ቶሎ ይገባችኋል። "ሰልክ ጥሩ ዘፈን ነው" የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ፤ ግን ምክንያት ይኑራችሁ፣ "ደስ ይላል" ብቻ ማርክ አያስገኝም።